በሰው ስክሪን ላይ የሌላ ሰው ፓስዎርድ ማረጋገጥ፦ ኤኤስ 400 ላይ ያየሁት አበሳ

ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። የተቋሙን ስም አልጠራም። እዚህ የምነግራችሁ ግን በትክክል እዚያ የደረሰብኝን ነው። ኤኤስ 400 በሚባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ልጆች አሁንም አላችሁና፣ እኔ ሦስት ጊዜ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትገቡ ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ቴለሯ ደንበኛ እያስተናገደች ከተፈቀደላት በላይ የሆነ ክፍያ ይመጣባታል። አንገቷን ዘርግታ «እትዬ፣ አንዴ ይምጡልኝ» ትላለች። ሱፐርቫይዘሯ ከወንበራቸው ተነስተው ይመጣሉ፣ በቴለሯ ስክሪን ላይ የራሳቸውን ዩዘርና ፓስዎርድ ይጽፋሉ፣ ክፍያው ይጸድቃል። ቴለሯ ከሲስተም አትወጣም። ደንበኛውም ቆሞ አያረጅም።

ለተጠቃሚው ይህ የአሥር ሰከንድ ነገር ነው። ለፕሮግራመሩ ግን ጥያቄው ከባድ ነው። ሲስተሙ የሚያውቀው ቴለሯን ነው። እነ እትዬ እውነት እትዬ መሆናቸውን ፕሮግራሜ በምን ያውቃል?

ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ሁለት ቃል ልበል። ኤኤስ 400ን አይቢኤም ያስተዋወቀው በፈረንጆች 1988 ነው፤ በእኛ 1980 መሆኑ ነው። በትልቁ ሜይንፍሬምና በትንሹ ፒሲ መካከል ያለ፣ ድርጅቶች ሒሳባቸውን የሚያስሩበት መካከለኛ ኮምፒውተር ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። አይሲሪስ ተባለ፣ ሲስተም አይ ተባለ፣ ከፈረንጆች 2008 ወዲህ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይቢኤም አይ ይባላል። እኛ ቢሮ ግን እስከ ዛሬ «ኤኤስ» ነው። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ጽሑፍ። የድሮ ሰው ሲወደው፣ አዲስ ተቀጣሪ ሲያየው ይስቃል። አንድ ወር ከሠራበት በኋላ መሳቁን ያቆማል።

እኔ ስገባ ሥራው የሚሠራው በጣም ቀላል በሆነ መንገድ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አንድ ፋይል ፈጥሮ የሱፐርቫይዘሮቹን ስምና ፓስዎርድ አስቀምጦበታል። ሱፐርቫይዘሯ ሲጽፉ ፕሮግራሙ ፋይሉን ያነባል፣ ያመሳክራል፣ ያሳልፋል። ፓስዎርዱ ፋይሉ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይሸፈን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተቀምጧል። ፋይሉን ማየት የሚችል ሰው ሁሉ ፓስዎርዱንም ያያል። ፋይሉን ማየት የሚችለው ደግሞ ግማሽ ቢሮ ነበር።

የባሰው ሌላ ነው። ሱፐርቫይዘሮቹ ሁለት ፓስዎርድ ማስታወስ አልፈለጉም። ማንስ ይፈልጋል? ስለዚህ ለሲስተሙም፣ ለማጽደቂያውም አንድ ዓይነት አደረጉት። በዚህ ምክንያት ማሽኑ በጥንቃቄ የደበቀውን ነገር እኛ ከጎኑ በግልጽ ጽፈን አስቀምጠነዋል ማለት ነው። ኤኤስ የሰው ፓስዎርድ ወደ ኋላ በማይመለስ መንገድ ነው ቀይሮ የሚያስቀምጠው። የማሽኑ ዋና አዛዥ የሆነው የደህንነት ኃላፊ ዩዘር እንኳ የማንንም ፓስዎርድ አያይም፤ መቀየር ብቻ ነው የሚችለው።

እንግዲህ ፋይሉን ላጠፋው ወሰንኩ። ማሽኑን ራሱን «ይህ ፓስዎርድ የዚህ ሰው ነው ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት «ቼክ ፓስዎርድ» የሚለውን ትእዛዝ ነው፤ በኤኤስ አጻጻፍ ሲኤችኬፒደብሊውዲ። ደስ አለኝ። ግማሽ ቀን ደከምኩበት። ኋላ ስረዳው ለካ ይህ ትእዛዝ የሚያረጋግጠው አሁን በሥራ ላይ ያለውን ዩዘር ፓስዎርድ ብቻ ነው። ቴለሯ ወጥታ ሻይ ጠጥታ ብትመለስ «እውነት አንቺ ነሽ?» ለማለት ይጠቅማል። በቴለሯ ስክሪን ላይ እትዬን ለማረጋገጥ ግን አይሆንም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ግማሽ ቀኔን ባተረፍኩ ነበር። ለእናንተ ነገርኳችሁ።

የሚያስፈልገው በኤፒአይ መልክ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም እንዲጠራው ተብሎ የተሰጠ የሲስተም ፕሮግራም ነው። ስሙ ሲጻፍ ያስፈራል፦ ኪው፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ከዚያ ጌት፣ ከዚያ ፒ፣ ኤች። «ጌት ፕሮፋይል ሀንድል» ለማለት ነው። ፕሮፋይል የሚሉት ማሽኑ ስለ እያንዳንዱ ዩዘር የያዘውን መዝገብ ነው። ከዚህ በኋላ «ጌት ሀንድል» እያልኩ ልጥራው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዩዘሩን ስም በ10 ፊደል ቦታ ትሰጡታላችሁ። ፓስዎርዱን ትሰጡታላችሁ። ትክክል ከሆነ 12 ባይት የሆነ አንድ መለያ ይመልስላችኋል፤ ሀንድል የሚሉት እሱን ነው። ትክክል ካልሆነ ስህተት ይመልሳል። ለእኔ ሥራ ሀንድሉ ራሱ አያስፈልገኝም ነበር። መገኘቱ ብቻ ይበቃኛል። ተገኘ ማለት ፓስዎርዱ ልክ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ስህተቱን የሚቀበል ቦታ እናንተ ናችሁ የምታዘጋጁት። የመጀመሪያው 4 ባይት ቁጥር ነው፣ ያዘጋጃችሁትን ቦታ ስፋት ይናገራል። ሁለተኛው 4 ባይት ሲስተሙ የሚሞላው ነው። ቀጥሎ 7 ፊደል የስህተቱ መለያ፣ ከዚያ አንድ ትርፍ ባይት። ድምሩ 16። የመጀመሪያውን ቁጥር 0 ካደረጋችሁት ወይም ማስገባቱን ከረሳችሁት፣ ስህተቱ ወደ እናንተ ቦታ አይመጣም፤ ፕሮግራሙን ራሱን ያቆመዋል። እኔ ረስቼው ነበር። ሱፐርቫይዘሯ አንድ ፊደል ሲሳሳቱ የቴለሯ ስክሪን ላይ ማንም የማይገባው የእንግሊዝኛ መልእክት ወጥቶ «ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ወይስ ጂ?» ብሎ ጠየቃት። ምስኪን፣ ምን ትመልስ? «ሲስተም የለም» ብላ ደንበኛውን ሸኘችው።

16 ካስገባችሁ በኋላ ሁለተኛውን ቁጥር እዩ። 0 ከሆነ ችግር የለም፣ አልፏል። ካልሆነ መለያውን አንብቡ። ሲፒኤፍ 22ኢ2 ከሆነ ፓስዎርዱ ተሳስቷል። 22ኢ3 ከሆነ ፕሮፋይሉ ተዘግቷል። 22ኢ4 ከሆነ ፓስዎርዱ ጊዜው አልፎበታል። ሲፒኤፍ 2204 ከሆነ በዚያ ስም የተመዘገበ ዩዘር የለም። እኔ ለተጠቃሚው «ፓስዎርድ ተሳስቷል» እና «ዩዘር የለም» የሚሉትን በአንድ መልእክት ጠቅልዬ ነው የማሳየው። ከጀርባ ቆሞ ስም የሚሞክር ሰው የትኛው ስም እንዳለ እንዲያውቅ አልፈልግም። ጊዜው ያለፈበትን ግን በግልጽ እናገራለሁ። አለበለዚያ ሰዉ ስልክ እየደወለ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው መከራ ልምጣ።

ሰኔ 30 ነበር። የበጀት ዓመት መዝጊያ። በዚያ ቀን ባንክ ወይም ሌላ የገንዘብ ተቋም ውስጥ የሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ምሳ የለም። ሁሉም ሰው የራሱን ወረቀት ይዞ ይሮጣል። ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የአንዱ ቅርንጫፍ ሱፐርቫይዘር ናቸው። «ልጄ፣ ምን አደረግህብኝ? ተዘግቻለሁ እኮ!» አሉኝ። ከፈትኩላቸው። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ ቅርንጫፍ ደወለ። ከዚያ ሌላ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «አንዴ ብቻ ነው የተሳሳትኩት።»

እኔ አላመንኳቸውም። ኪውማክስሳይን የሚባለው የሲስተም ቁጥር ላይ ስንት ጊዜ መሳሳት እንደሚቻል ይወሰናል። የእኛ 3 ነበር። እዚያ ሲደርስ ፕሮፋይሉ እንዲዘጋ ተደርጓል። ስለዚህ ሰው ሦስት ጊዜ ሳይሳሳት አይዘጋም። «ይዋሻሉ» ብዬ አሰብኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ምሽት ላይ ነው ወደ ኦዲት ጆርናሉ የገባሁት። ኤኤስ ላይ ያልተሳካ ፓስዎርድ ሁሉ፣ ኦዲቱ ከተከፈተ፣ ኪውኦድጄአርኤን በሚባለው ጆርናል ውስጥ ፒደብሊው በሚል መለያ ይመዘገባል። ወደ ፋይል አወጣሁትና ተመለከትኩት። የእያንዳንዳቸው ሱፐርቫይዘር ስም ሦስት ጊዜ ተደርድሯል። ሦስቱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ። ሰው በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ፓስዎርድ አይጽፍም።

ወደ ራሴ ፕሮግራም ተመለስኩ። እዚያው ነበር። ከወራት በፊት፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል ብዬ፣ ማንኛውም ጥሪ ካልተሳካ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር አንድ ሉፕ ጽፌ ነበር። ለፋይል ንባብ ጥሩ ነው። ጌት ሀንድልም በዚያው ሉፕ ውስጥ ገብቷል። እትዬ አንዴ ሲሳሳቱ፣ የእኔ ፕሮግራም ያንኑ የተሳሳተ ፓስዎርድ በየዋህነት ሦስት ጊዜ ለማሽኑ ያቀርብለታል። ማሽኑም ሦስት ስህተት ቆጥሮ በሩን ይዘጋባቸዋል። ጌት ሀንድል እንደ መግቢያው ስክሪን ሁሉ ስህተት ይቆጥራል፤ ይህን ልብ አላልኩትም ነበር። መቁጠሩ ደግሞ ትክክል ነው። ባይቆጥር ኖሮ ማንም ሰው በፕሮግራም በኩል ሺህ ፓስዎርድ ይሞክር ነበር።

በማግስቱ ለሦስቱም ሱፐርቫይዘሮች ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንደኛዋ ሳቁ። አንደኛው አልሳቁም።

ሉፑን አወጣሁት። ፓስዎርድ ሲጠየቅ አንድ ጥሪ፣ አንድ መልስ፣ አለቀ።

ሁለተኛውን ጉድጓድ ያገኘችው ሌላ ሰው ናት። ከአምስት ኪሎ ለተግባር ልምምድ የመጣች ተማሪ ነበረች። ብዙ አትናገርም። ማኑዋል ግን እንደ ጋዜጣ ታነባለች። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቡና ልንጠጣ ስንወርድ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?» አለችኝ። የሙከራው ሲስተም ላይ ገባች። በቴለር ዩዘር ከፍተኛ ክፍያ አስገባች። የማጽደቂያው ስክሪን መጣ። በዩዘሩ ቦታ የአንድ ሱፐርቫይዘር ስም ጻፈች። በፓስዎርዱ ቦታ ኮከብ ምልክት አደረገችና ከኋላው «ኖፒደብሊውዲ» ብላ ጻፈች።

ጸደቀ።

ቡናው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌት ሀንድል በፓስዎርድ ቦታ ልዩ ቃላት ይቀበላል። በኮከብ ነው የሚጀምሩት። አንደኛው «ፓስዎርድ አልሰጥህም፣ ግን በዚህ ሰው ፕሮፋይል የመጠቀም ሥልጣን አለኝና ሀንድሉን ስጠኝ» ማለት ነው። ይህ ለሲስተም ፕሮግራሞች ተብሎ የተሠራ ነው። ማሽኑ ጠያቂው በዚያ ፕሮፋይል ላይ ሥልጣን እንዳለው አይቶ ነው የሚፈቅደው። ቴለሯ ሥልጣን የላትም። ፕሮግራሜ ግን አለው። የባለቤቱን ሥልጣን ተውሶ እንዲሮጥ አድርጌው ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ ሁሉን የሚችል ዩዘር ነው። ይህን ያደረግሁት ከዓመታት በፊት፣ አንድ ፋይል አልከፈት ብሎኝ፣ አቋራጭ ፈልጌ ነው። ስንፍና ነው ሌላ ስም የለውም። ቴለሯ የጻፈችው ቃል በእኔ ፕሮግራም አፍ ሲነገር ማሽኑ አመነው።

ሁለት ነገር አስተካከልኩ። አንደኛ፣ የገባው ፓስዎርድ በኮከብ ከጀመረ ጌት ሀንድል ጋር ሳይደርስ እዚያው ይመለሳል። የእኛ ማሽን በዚያን ጊዜ በነበረበት ደረጃ ፓስዎርድ ውስጥ የሚፈቀዱት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና አራት ምልክቶች ብቻ ነበሩ፤ ኮከብ የለበትም። ስለዚህ ማንንም አልጎዳም። ሁለተኛ፣ የፕሮግራሙን ባለቤት ቀየርኩት። ለፋይሎቹ የሚያስፈልገው ሥልጣን ብቻ ያለው፣ በማንም ፕሮፋይል ላይ መብት የሌለው ዩዘር አደረግሁት። የመጀመሪያው ማስተካከያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ይቆማሉ።

ልጅቷ አሁን የት እንደምትሠራ አላውቅም። እኔ ብሆን እቀጥራት ነበር። በጀት የለም ተባልኩ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ሀንድሉን ስትጨርሱ መልሱ፤ «ሪሊስ ፕሮፋይል ሀንድል» የሚባል ሌላ ኤፒአይ አለ። ቴለር ላይ ችግሩ አይታይም፣ ማታ ወጥታ ትሄዳለች፣ ሁሉም ይጸዳል። እኛ ግን በኋላ ለሠራተኞች የውስጥ ገጽ ስንሠራ፣ ከጀርባ ለሳምንታት ሳይቆም የሚሮጥ ጆብ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚሮጥ አንድ ሥራ፣ ነበር። አንድ ጆብ ሊይዝ የሚችለው ወደ 20,000 ገደማ ሀንድል ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞላ። ማንም መግባት አቃተው። ስህተቱ 22ኢ6 ይላል። ካያችሁት ሌላ ነገር አትፈልጉ፣ መመለስ ረስታችኋል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ሀንድሉን ካገኘ በኋላ ጆቡን ወደ ሱፐርቫይዘሯ ማንነት ይቀይረዋል። ያንንም የሚያደርግ ኤፒአይ አለ። ማረጋገጥ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ አትንኩት። መሀል ላይ ፕሮግራሙ ከተበላሸና ወደ ቦታው ካልተመለሰ ቴለሯ እትዬን ሆና ትቀራለች። ቀኑን ሙሉ።

ሌላው ዳምፕ ነው። ያ «ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ወይስ ጂ?» የሚለው መልእክት ላይ ሰው «ዲ» ብሎ ከመለሰ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ፣ አርፒጂ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ህትመት ወረፋ ይልከዋል። የእያንዳንዱ ቦታ ስም፣ ከጎኑ ያለው ይዘት። ፓስዎርዱም እዚያው ጥርት ብሎ ይወጣል። እኔ አንዱን ከፕሪንተሩ ላይ አንስቼ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ጌት ሀንድል መልስ እንደሰጠ፣ በሚቀጥለው መስመር ላይ የፓስዎርዱን ቦታ በባዶ ሙሉት። ቆይቶ አይደለም፣ በሚቀጥለው መስመር።

የፓስዎርድ ደረጃም አለ፤ ኪውፒደብሊውዲኤልቪኤል ይባላል። 0 ወይም 1 ላይ ፓስዎርድ እስከ 10 ፊደል ነው፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። 2 ወይም 3 ላይ እስከ 128 ይደርሳል፣ ትልቁና ትንሹም ይለያል። ለውጡ የሚሠራው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። እኛ እሁድ ቀን አደረግነው። ፕሮግራሜ ግን የገባውን ሁሉ ወደ ትልቅ ፊደል ይቀይር ነበር፣ የድሮ ልማድ። ሰዎቹ አዲስ፣ የተቀላቀለ ፊደል ያለው ፓስዎርድ ሲያወጡ፣ ወደ ሲስተሙ ይገባሉ፣ ማጽደቂያው ላይ ግን ይከለከላሉ። ወደዚያ ደረጃ ከመሄዳችሁ በፊት ያቺን መስመር ፈልጋችሁ አውጡ። የስክሪኑንም የፓስዎርድ ቦታ አስረዝሙ። ጌት ሀንድልን ስትጠሩም የፓስዎርዱን ርዝመትና የፊደል ኮድ ቁጥሩን፣ ማለትም ሲሲኤስአይዲውን፣ ጨምራችሁ ስጡት። ሁለቱ እንደ አማራጭ ስለተቀመጡ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል።

የቀረው ያ የድሮ ፋይል ነበር። አዲሱ አሠራር በሁሉም ቅርንጫፍ ከገባ በኋላ አጠፋሁት። አንድ ትእዛዝ ነው፣ ኢንተር፣ ሄደ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ በባቡር ስሄድ፣ ስታዲየም ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ። ፋይሉ በየማታው ወደ ቴፕ ሲገለበጥ ነው የኖረው። የስንት ዓመት ቴፕ ካዝና ውስጥ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ውስጥ የሁሉም ሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ በግልጽ ተጽፎ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ለሁሉም ፓስዎርዳቸው ጊዜው እንዲያልፍ አደረግሁና ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ጥሪ መጣ።

«ልጄ፣ ደግሞ ምን አደረግህብኝ?»